ባሌስትራ

ርዝመቱ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ገልብጦ ሆዱን ላየው ሰው ግን አሻንጉሊት ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። ሻንሲው ብረት ነው። የፊትና የኋላ የጎማ ዘንጎቹን የተሸከሙት እንደ ትልቁ መኪና የተደራረቡ ባሌስትራዎች ናቸው። መሀሉ ላይ ባለሦስት ማርሽ ካምቢዮ ተቀምጧል፤ ማርሹም የሚለወጠው ከሩቅ፣ በሬዲዮ ሞገድ በሚላክ ትእዛዝ ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያወጣው፣ ቶዮታ ሃይለክስ ፒክአፕን በአንድ አሥረኛ ያሳነሰ መኪና ነው። ቶዮታ ሃይለክስን መሥራት የጀመረው በ1968 ቢሆንም አራቱም ጎማ የሚገፋለት ዓይነት የመጣው በ1979 ነበር። የታሚያ ሰዎች ያንን አይተው፣ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን አጥንቱንና ጅማቱን ጭምር ቀዱት።

የገዛሁት እዚሁ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ቤታቸውን ለቅቀው ሊሄዱ ዕቃቸውን ደጃፋቸው ሣር ላይ ዘርግተው ይሸጡ ከነበሩ አንድ አዛውንት ነው። ካርቶን ውስጥ ከገና ዛፍ መብራቶች ጋር ተጠላልፎ ተኝቶ ነበር። «የልጄ ነው» አሉኝ፤ «ልጄ አሁን ከእኔ የባሰ ሸብቷል።» 40 ዶላር ጠየቁ፤ ሳልከራከር ከፈልሁ። ባደግሁበት ሰፈር ሳይከራከሩ መግዛት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ነገር ግን ዓይኔ አስቀድሞ በግራው የፊት ባሌስትራ ላይ አርፎ ነበር። የላይኛው ብረት ከሻንሲው ጋር ከሚታሰርበት ቀለበት ሥር ለሁለት ተሰብሯል፤ ያንን ስብራት ደግሞ ገና ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አባቴ መካኒክ ነበሩ። ጋራዡ ከሶማሌ ተራ ብዙም አይርቅም፤ የጠፋ ዕቃ ቢኖር አንድ ልጅ በእግሩ ተልኮ ገዝቶ ይመለሳል። የገጠር መንገድ ያደቀቃቸው ፒክአፖች፣ ከእነ ጭቃቸውና ከእነ ጭነት ገመዳቸው፣ አንዳንዴም ስፖንዳቸው ላይ ከቀረ የጤፍ ገለባ ጋር ይመጡ ነበር። ከሚመጡባቸውም ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ የተሰበረ ባሌስትራ። አባቴ መኪናው ሥር ተንጋልለው ይገባሉ፤ እኔ የማየው የጫማቸውን ሶል ብቻ ነው። ከሥር ድምፅ ይመጣል፦ «አሥራ ሰባት ቁጥር!» የሚያቀብለው ረዳቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ ወንበር ላይ ደብተሬን ይዤ እንድቀመጥ ታዝዣለሁ። «እጅህን አታቆሽሽ» ይሉኝ ነበር፤ «እኔ የቆሸሽሁት ለአንተም ጭምር ነው።»

እንዳሉትም ሆነ። የምተዳደረው በሒሳብ መዝገብ ነው፤ እጄ ንጹሕ ነው። ከጋራዡ የወረስሁት ቃላቱን ብቻ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ከጆሮዬ አልፈው እጄ ውስጥ ገብተው አያውቁም።

ስለ ቃላቱ ጥቂት እንድል አንባቢዬ ይፍቀድልኝ። ጋቢና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ስፖንዳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። መኪና ጥገናን ከጣሊያን ጋር አብረን ስለተማርነው የጋራዡ አማርኛ እስከ ዛሬ የጣሊያን ዜማ አለው። ጣሊያኖች ባሌስትራ የሚሉት መጀመሪያ የጥንቱን ቀስት ነው፤ በእንጨት መያዣ ላይ ተገጥሞ በቃታ የሚተኮሰውን። የመኪናውም ብረት እንደዚያ ቀስት ተለጥጦ መልሶ ስለሚዘል ስሙን ወረሰ። ኩሽኔታም እንዲሁ በጣሊያንኛ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ ዘንጉ የሚተኛበት ትራስ። ካቻቢቴ ደግሞ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ አንዱ ማባረር፣ ሌላው ብሎን ነው። አባቴ ይህን ሁሉ አያውቁም፤ ለሥራቸውም አላስፈለጋቸውም። በእሳቸው አፍ እነዚህ ቃላት እንደ ዳቦና እንደ ውኃ አማርኛ ናቸው። እኔም እንዲሁ አምናለሁ፤ አንድ ቃል ሁለት ትውልድ ሙሉ ግራሶ ከጠጣ በኋላ የየት አገር ሰው ነህ ተብሎ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የተወለደው እዚህ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ አይናገርም ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚማርበት ክፍል ፊደልን እስከ መሀል ድረስ፣ ቁጥርን እስከ ሃያ፣ ከዚያም የቀለማትን ስም አስተምረውታል። ከአያቱ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ንግግሩ ዘወትር አንድ ነው። «ደህና ነህ ልጄ?» «ደህና ነኝ።» «ትምህርትስ?» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ዝም ይባባላሉ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ፤ ስልኩ ይመለስልኛል። በዚህ መሀል የማንም ጥፋት የለም። ግን አባቴ ሰማንያን አልፈዋል፤ ያችን ዝምታ በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ከእጄ ሲንሸራተት ይታወቀኝ ነበር።

መኪናውን የገዛሁ ዕለት በስልኩ ካሜራ አሳየኋቸው። እኛ ጋ ረፋድ ሲሆን እሳቸው ጋ ይመሻል፤ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያጠልቁ ጠበቅሁ። «ሃይለክስ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «እስቲ ገልብጠው።» ገለበጥሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ባሌስትራው ሄዷል» አሉ በመጨረሻ፤ «ማን ጫነበት?»

ስለ ታሚያ የማውቀውን ነገርኳቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሺዙኦካ በተባለች ከተማ በእንጨት ንግድ ተጀመረ፤ ከእንጨቱ ወደ እንጨት ሞዴሎች፣ ከዚያም ወደ ፕላስቲክ ተሸጋገረ። የመሥራቹ ልጅ ሹንሳኩ ታሚያ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በዘጠና ዓመታቸው ያረፉት፣ የመኪናን ልክ ከፎቶግራፍ መገመት የማይወዱ ሰው ነበሩ። በ1976 የወጣውን ፖርሽ 934 ለመሥራት እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው ብሎን በብሎን አስፈቱት። ፈቱት፣ ለኩት፣ ሣሉት፤ መልሶ ለመግጠም ግን አልሆነላቸውም፤ የፖርሽ ባለሙያዎችን እርዳታ ፈለጉ። አባቴ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «እንደዚያ ያለ ረዳት ነበረኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለዚህ ለማያውቁት ጃፓናዊ የሙያ ባልደረባቸው ያህል ይቆረቆሩለት ጀመር።

መፍታቱን ጀመርን። የአሜሪካ መስቀል ካቻቢቴ ከጃፓን ብሎን ጋር አይስማማም። ሲያዩት ይገጥማል፤ ጠንክሮ ሲይዝ ግን ሸርተት ይልና የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ጃፓኖች ጂአይኤስ የሚባል የራሳቸው መለኪያ አላቸው፤ በዚያ ልክ የተሠራውን ካቻቢቴ ገዛሁ። ልጄ ይፈታል፣ እኔ ብሎኖቹን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በተራ እደረድራለሁ። ይህ የአባቴ ትእዛዝ ነው፤ የተፈታ ሁሉ በወጣበት ተራ ይቀመጣል። ዘንግ ላይ የሚሰካ፣ ከምስር ፍሬ ብዙ የማይበልጥ ቅንጥብጣቢ ቀለበት አለ፤ ሲወጣ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ሦስቱን ምንጣፍ ውስጥ በማግኔት አሰስን፤ ሁለቱን አገኘን።

ካምቢዮው ውስጥ ያለው ግራሶ በአርባ ዓመት ውስጥ ደርቆ ሻማ መስሏል። የብረቱን ጥርሶች በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አጠብናቸው፤ ፕላስቲኩን ግን በሳሙና ብቻ። ከመቆጣጠሪያው ውስጥ የተረሱት ባትሪዎች አፍልተው መያዣውን አረንጓዴና ነጭ ጨው አልብሰውት ነበር። እንዲህ ካለው ባትሪ የሚወጣው አልካሊ ስለሆነ የሚያረክሰው አሲድ ነው፤ በኮምጣጤ የነከረ ጥጥ ሲነካው አረፋ እያወጣ ለቀቀ። ልጄ በየቁራጩ ላይ ጣቱን እያሳረፈ ለአያቱ ያነሣል፤ አያቱ ስሙን ይጠሩለታል፤ እሱ ይደግማል። «ኩሽኔታ።» «ኩሺ-ኔታ።» «አታሽሞንሙነው፤ ኩሽኔታ!» እኔ ስልኩን የያዝሁ መደርደሪያ ብቻ ሆኜ ቀረሁ፤ መቼም እንደዚያ ቀን መደርደሪያ መሆን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የተሰበረውን ባሌስትራ በተመለከተ በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። እንዲህ ያሉ መኪኖችን የሚሰበስቡ ሰዎች ሕጋቸው ጥብቅ ነው፤ ዋናው ክፍል በዋናው ክፍል እንጂ በሌላ አይተካም። ዋናውም ይገኛል፤ ለአንድ ቁራጭ ብረት የሚጠየቀው ግን መኪናውን ከገዛሁበት ይበልጣል። አባቴ ሐሳቡን ራሱን አልወደዱትም። «ባሌስትራ ይሠራል እንጂ ይገዛል እንዴ? አሮጌ መጋዝ ፈልግ፤ የእንጨት መጋዝ።» የድሮ የእንጨት መጋዝ ምላጭ ተለጥጦ የሚመለስ ብረት ነው። ሁለት ዶላር አወጣብኝ፤ እሱም ከሌላ ሰው ደጃፍ ሣር ላይ።

በብረት መጋዝ ቀጭን ክር ቆረጥሁለት፤ ጠርዙን በሞረድ አስተካከልሁ። ጫፉን በጋዝ ነበልባል አግዬ በምስማር ዙሪያ ጠቀለልሁትና ቀለበቱ ወጣ፤ ጎባጣነቱንም ከቀኙ ባሌስትራ ጋር እያስተያየሁ ሰጠሁት። እስከዚህ ድረስ ብረቱ ቅርጽ አለው እንጂ ጉልበት የለውም። አባቴ ከዚያኛው ዳር ይመሩኛል። እንደ ፍም እስኪቀላ አግለው፤ ዘይት ውስጥ ክተተው። የኑግ ዘይት አሉኝ፤ እኔ የነበረኝ የሱቅ የምግብ ዘይት ነው። ጭሱ ግቢውን ሞላው። የወጣው ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ብርጭቆ ነው፤ ቢታጠፍ ይሰበራል። «ገና ጥሬ ነው» አሉ፤ «አሁን አብስለው።»

ማብሰል የተባለው እንዲህ ነው። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት ታጸዳዋለህ። አሸዋ በመጥበሻ አድርገህ እሳት ላይ ትጥዳለህ፤ ብረቱን አሸዋው ላይ ታጋድመዋለህ። ቀስ እያለ ሲሞቅ በገጹ ላይ ስስ የዝገት ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ በወፈረ መጠን ቀለሙ ይለወጣል፤ ቀለሙም የሙቀቱ መለኪያ ነው። መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ሦስት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ምላጭ የሚፈልግ ሰው ገለባው ላይ ያቆማል፤ ባሌስትራ የሚፈልግ ሰማያዊውን ይጠብቃል። ካለፈ ብረቱ ይልማል፤ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያ ነው።

ችግሩ የስልኩ ካሜራ ነበር። ብርሃኑን በራሱ ፈቃድ ስለሚያስተካክል አባቴ የሚያዩት ሁሉ ግራጫ ነው። እኔ ደግሞ አንድ እጄ ምድጃው ላይ፣ አንድ እጄ ፒንሳው ላይ ነው፤ ከመጥበሻው የሚነሣው ሙቀት ዓይኔን ያስለቅሰዋል። «አይታየኝም» አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ውስጥ የድሮው ጋራዥ ቁጣ ገባበት። «ምን መልክ ነው? አንድ ሰው መልኩን ይንገረኝ!»

ልጄ ከጎኔ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«ቢጫ» አለ።

«ምን ዓይነት ቢጫ?»

ልጄ ይህን የሚመልስበት ቃል አልነበረውም። «ቢጫ» አለ እንደገና፤ ከዚያም ፈጠን ብሎ፣ «አሁን ቡኒ!»

«ጠብቅ። አትነካው። አሁንስ?»

«ቡኒ። ቡኒ። ሐምራዊ… እዚህ ጋ ሐምራዊ፣ እዚህ ጋ ቡኒ።»

«አዙረው በለው አባትህን! ቡኒው ወደ መሀል ይግባ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረና በአማርኛ፣ «አዙረው» አለኝ። በሕይወቱ በአማርኛ ያዘዘኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው። አዞርሁት።

«ሐምራዊ። ሐምራዊ። ሰማያዊ! ሰማያዊ! ሁሉም ሰማያዊ!»

«አውጣው!» አሉ ሁለቱም ባንድነት።

ውኃ ውስጥ ሲገባ ጢስ ብሎ ዝም አለ። ሲበርድ በሁለት ጣቴ ለጠጥሁት፤ ታጠፈ፣ ለቀቅሁት፣ ተመለሰ። ስልኩን አቀርብላቸው ዘንድ አባቴ አልጠበቁም። «ድምፁን አሰማኝ» አሉ። ልጄ ጫፉን በጥፍሩ ነካው፤ ቀጭን የክራር ድምፅ የመሰለ ነገር ወጣው። «እሺ» አሉ። ከዚያም ልጄን ስለ ትምህርት አልጠየቁትም። የጠየቁት ቀኙን ባሌስትራ ለምን እንዳልፈታን ነው።

ቀለሙን በአጭሩ ልለፈው። ሰውነቱ ላይ ቢጫ፣ በቢጫው ላይ በብሩሽ የተለቀለቀ ሰማያዊ ነበረበት፤ በአልኮል ነክረን አነሣነው፤ ልጄ ቀይ ይሁን አለ፣ ቀይ ሆነ። ከጋቢናው ጣሪያ ውስጥ ግን፣ ከውጭ በማይታይበት በኩል፣ በእርሳስ የተሠመሩ ትንንሽ መስመሮች አገኘን፤ አምስት አምስት እየሆኑ የታሰሩ፣ በጠቅላላው አርባ ሦስት። ያ አሁን ሸብቷል የተባለው ልጅ አንድ ነገር ይቆጥር ነበር። ልጄ የባትሪ ሙላት ነው ይላል፤ ባትሪው በተሞላ ቁጥር አንድ መስመር። እኔ ቀን ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ፤ አንድ ሰው እስኪመለስ የሚቆጠር ቀን። ጣሪያውን ከውጭ ስናጥብ ውስጡን በሰም ወረቀት ሸፍነን አተረፍነው። አዛውንቱን ልጠይቃቸው በዚያ መንገድ ባልፍ ቤቱ ሌላ ሰው ገብቶበታል።

ሬዲዮው ላይ ከሰብሳቢዎቹ ጋር ጨርሼ ተለያየሁ። የድሮው መሣሪያ የሚሠራው በ27 ሜጋኸርትዝ ነው። ላኪውና ተቀባዩ አንድ ጥንድ ክሪስታል ይካፈላሉ፤ የእኛ የቢጫ ባንዲራው፣ 27.145 ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ልጆች አንድ ቀለም ባንዲራ ይዘው ከመጡ፣ አንደኛው የሌላውን መኪና ሳይፈልግ ይነዳበት ነበር። መልካም ታሪክ ነው፤ ግን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥሁትና በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ አዲስ ገጠምሁ። የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ግን አልነካሁትም። እሱ በሰርቮ ክንድ የሚገፋ የመዳብ ምላስና አንድ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ፍጥነት የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩን በከንቱ ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ የለም፤ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይግላል። አባቴ ግን ገና ሲያዩት፣ «ይሄማ የምድጃ ሽቦ ነው!» ብለው ስለተረዱት ይኑር ብያለሁ። መኪናው ውስጥ እሳቸው የማያውቁት ክፍል ሁለት እንዲሆን አልፈለግሁም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሣነው በጥቅምት መጨረሻ፣ የሠፈሩ ዛፎች ቅጠላቸውን ባራገፉበት ሳምንት፣ ከሕንፃችን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። መቆጣጠሪያውን ልጄ ያዘ። እኔ ስልኩን ይዤ፣ ድምፁ እንዲሰማ ወደ አስፋልቱ ጎንበስ ብዬ ከኋላው እከተላለሁ። በአንደኛ ማርሽ እንደ ትራክተር እየጮኸ፣ በእግር መንገድ ፍጥነት ሄደ፤ በቅጠሉ ክምር ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ። ባሌስትራው ሲጫነው ይተኛል፣ ሲለቀው ይነሣል። ወደ ሁለተኛ ሲለወጥ ግን ከሆዱ የሚፋጭ ድምፅ ወጣ።

«አልገባም» አሉ አባቴ ከአዲስ አበባ።

እኔ የሰማሁት ጫጫታ ብቻ ነው።

«ማርሹ አልገባም። ጥርስ በጥርስ ላይ ነው የቆመው። የሚገፋው ዘንግ አጥሯል፤ አንድ ዙር ፍታው።»

ተንበርክኬ ጋቢናውን አነሣሁ። ከማርሹ ሰርቮ የሚወጣው ቀጭን ዘንግ ጫፉ ላይ በብሎን የሚረዝም የሚያጥር ነው፤ አንድ ዙር ፈታሁት። ጣቶቼ ጥቁር ነበሩ፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ግራሶ ለሰኞ ሥራ እንደማይለቅ አውቃለሁ። አባቴ በስክሪኑ ላይ አዩትና ምንም አላሉም።

ልጄ እንደገና አስነሣው። አንደኛ። ትንሽ አስኬደው። ለወጠ። ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ወረደና መኪናው ወደ ፊት ተስፈነጠረ።

«ገባ!» አለ ልጄ፣ ከአያቱ ቀድሞ።

«ገባ» አሉ እሳቸውም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሁን ወደ አንደኛ መልሰውና ዳገት አስወጣው።»

ልጄ ወደ እኔ ዞሮ ዳገት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በቆሸሸ እጄ ወደ መውጫው አሳየሁት።